በጾም ድናለች ተብሎ ስለተዘጋ ካርድ

ለክቡር አቶ እንድርያስ፣ የዋንዛ አፋፍ ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ከወንበርዎ ላይ።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጠረጴዛዎና ማኅተምዎ ሁሉ እንደምን አሉ? ለእርስዎ ጤናውን ያብዛልዎ፤ ጤና ስልም ከእርስዎ ቤት በካፕሱል የሚታደለውን ሳይሆን ከላይ የሚሰጠውን ማለቴ ነው። እኔ የቀበሌዎ ሰው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ተዋበች ግን መኖሯንና አለመኖሯን የሚያውቁት በዚህች ሰዓት ከበሩ ወዲያ ያሉት ሐኪሞች ብቻ ናቸው። ከትልቁ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባች አንድ ሰዓት ሊሆናት ነው፤ እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ጎረቤታችን አስናቀ ከደጅ ገዝቶ ባመጣልኝ የተማሪ ደብተር ላይ ይህን እጽፍልዎታለሁ። ዳዊቴን ይዤ ነበር፤ አንዱን መዝሙር አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ መሐሉ ላይ ጠፋብኝ። በቃሌ የማውቀው ዳዊት ከጠፋብኝ፣ ቢያንስ የእርስዎን ውለታ እየቆጠርሁ ልቀመጥ ብዬ ነው።

ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ቃሌ ሻክሮ ቢያገኙት ከንቀት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም ለክፋት አይደለም፤ በግቢዎ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ስለሆነው፣ ከውስጥ የሚገባ ወረቀት እስከ ዳግም ምጽአት አንባቢ አያገኝም ብዬ ነው። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ከሳጥኑ በላይ፣ አንዱን ከደብራችን ደጅ፣ አንዱን አርብ ገበያ ከመኪና መሳፈሪያው እለጥፈዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጨጓራ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ተዋበችን ላለፉት ሁለት ዓመታት በዓል በመጣ ቁጥር፣ ቅቤ የገባበት ወጥ በበላች ማግሥት፣ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ቀስፎ ይይዛትና ወደ ትከሻዋ ይወጣባት ነበር። በገና ያዛት፣ በጥምቀት ያዛት፣ በአስተርዮ ማርያም ያዛት። አራት ጊዜ ወደ እናንተ መጣን፤ አራት ጊዜም ጨጓራ ተባልን። በዋንዛ አፋፍ ከእምብርት በላይ ያመመው ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ከእምብርት በታች ያመመው አሜባ ነው፤ ሁለቱንም ያመመው ታይፎይድ ነው፤ አራተኛ በሽታ ወደ ቀበሌያችን እንዳይገባ ስለጠበቁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እሷ ቀኝ ጎኗን ይዛ ስታሳይ፣ ባለሙያዎ ቀና ሳይል ሕመሟን ከቀኝ ወደ መሐል አዛውሮ ጻፈላት። ቅመም እንዳትበላ ተመከረችና ቅመሙን ተወች። ቅቤውን ግን አንድም ሰው አልጠየቃትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኅተምዎ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለልምምድ የተላከች አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ ነበረች፤ ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ፣ ቶሎ ነው የተመለሰችው። እሷ ብቻ እጇን አውጥታ የተዋበችን ቀኝ ጎን ጫን ብትለው ባለቤቴ ትንፋሿ ተቋረጠ። ልጅቱም «የሐሞት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም፤ በአልትራሳውንድ ትታይ» ብላ ሪፈር ጻፈችልን፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይዘን ከቢሮዎ ገባን። የቢሮዎ መስኮት አልዘጋ ብሎ የጋይንት ነፋስ እንደ ልቡ ይገባ ስለነበር፣ እርስዎ ማኅተሙን ከወረቀት ክምር ላይ ጭነውት ነበር። ማኅተሙ ቢነሣ ወረቀቱ ይበተናል፤ ወረቀቱ ከሚበተን ተዋበች ትቆይ ሆነ። በአንደበትዎ ያሉት ግን ይህን አልነበረም፤ ያሉት «ጾሙ ይግባና እንየው፣ ጾም ስንቱን አድኗል፣ መሪጌታ» ነበር። እኔም «እውነት ነው» አልሁ። ክቡር ሆይ፣ እውነት ነው ማለቴን እዚህ ላይ ያዝ ያድርጉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈውሱ። ሁዳዴ ገባ፤ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፤ ሽሮና ንፍሮ ብቻ። ሕመሙ ለዘብ አለላት። በሦስተኛው ሳምንት፣ በምኩራብ ሰሞን ግን ከእስከዛሬው ሁሉ የከፋ ያዛት፤ አንቀጠቀጣት፣ ዓይኗም ብጫ መሰለኝ። ጸበል ወሰድኋት። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጥርግ ብሎ ጠፋ፤ እንዳልነበረ ሆነ። በሆሣዕና ዋዜማ ጀሪካን አዝላ ከምንጩ ስትመለስ ባያት ጊዜ የማደርገውን አጣሁ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ፣ ዘንባባ በያዘው ሕዝብ ፊት፣ ባለቤቴን ጾምና ጸበል እንዳዳናት መሰከርሁ። እልልታው ቀለጠ። እርስዎም ዘንባባዎን በግንባርዎ አስረው ከፊት ቆመው ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተው የተዋበችን ካርድ አስወጡና «በጾምና በጸበል ድናለች» ብለው ጻፉበት፤ የዚያችን ልጅ ሪፈርም ከውስጡ አውጥተው ጣሉት። ያን ዕለት፣ እግዜር ይስጥዎ፣ ማኅተሙ ከወረቀቱ ክምር ላይ ተነሣ።

ዛሬ ጠዋት ዶክተር የትናየት የምትባል ሐኪም፣ ተዋበችን የምትቀድደው እሷ ናት፣ በዚሁ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሥዕል ሥላ አስረዳችኝ። ሐሞት የሚቋጠርበት ከረጢት ቅቤና ጮማ ሲመጣ ይጨመቃል፤ ጠጠር ካለበት ያን ጊዜ ነው ቀስፎ የሚይዘው። በጾም የሚያስጨምቀው ስለሌለ ሕመሙ ይተኛል እንጂ አይድንም። ጾሙ በደል የለበትም፤ ጾም ለነፍስ የተሠራ ነው፣ የአልትራሳውንድ ምትክ ያደረግነው እኔና እርስዎ ነን። ያ የምኩራብ ሰሞን ሕመም ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ከረጢቱ ቆስሎ ከአንጀቷ ጋር ተጣብቆ፣ ጠጠሩ ሁለቱንም ግድግዳ በስቶ ወደ አንጀቷ ገባ። ሕመሙ ጥርግ ያለው ስለዳነች አልነበረም፣ ጠጠሩ ቤት ስለቀየረ ነው። እኛ በዐውደ ምሕረቱ እልል ስንል እሱ በአንጀቷ ውስጥ መንገዱን ይሄድ ነበር። ከብዙ ሕመምተኛ አንድ ሰው ላይ የሚገጥም ነገር ነው አለችኝ። ያች አንድ ሰው የኔ ተዋበች ሆነች።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፤ በሩ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ነርስ ወጥታ «የተዋበች አስታማሚ!» ስትል ደብተሩን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥሁ፤ ደም ኖሯል የሚፈለገው። የኔን ዕድሜ አይታ አስናቀን ወሰደችው። ለምን ደም እንዳስፈለገ ብጠይቃት «ይጠብቁ አባቴ» አለችኝ።

አምስተኛ። አራተኛውን ዘለልሁት መሰለኝ፤ ስለ ምን እንደነበር ጠፋኝ፣ እንደ ምርቃት ይቁጠሩት። አምስተኛ ስለ ፋሲካ ሆድ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን በሽሮ የከረመ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ከዶሮና ከበግ ሲገናኝ ሆዱ መታወኩን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ተዋበችም ፈሰከች። ሰኞ ምግብ ገፋች፣ ሆዷን ያዝ ለቀቅ ያደርጋት ጀመር፤ ምነው ብላት «የፋሲካ ሆድ ነው» አለች። ማክሰኞ አስመለሳት፤ «የፋሲካ ሆድ ነው» አለች። ረቡዕ እየደገፍሁ ወደ እናንተ አመጣኋት። ግቢው በፋሲካ ሆድ ተሞልቶ፣ ባለሙያዎ ከበር ቆሞ ለሁሉም ያንኑ ካፕሱል እንደ ጠበል ጻዲቅ ያድል ነበር። ካርዷ ሲፈለግ «ይህች እኮ ድናለች፣ ካርዷ ተዘግቷል» ተባለና እንደ አዲስ ተመዘገበች። ከሰኞ ጀምሮ አየር እንኳ እንዳልወጣላት አንገቷን ደፍታ ተናገረች፤ ነጠላዋን ገልጦ ሆዷን ያየ የለም፤ ከካፕሱሉ ጋር ማለስለሻ ተጨመረላትና ሂዱ ተባልን። ዶክተር የትናየት ማለስለሻ የሚለውን ስትሰማ እርሳሷን አስቀመጠች። በሩ በተዘጋ በረት ከብትን ከኋላ በዱላ እንደ መንዳት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ከብቱ ወዴት ይሂድ? ጠጠሩ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ መንገዱ ከሚጠብበት ደርሶ እንደ ውታፍ ተወትፎ ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ አምቡላንስ። ሐሙስ የሚወጣት አረንጓዴ ሆነ፤ ወደ ማታ ደግሞ ከአፍ ሊወጣ የማይገባው ነገር ከአፏ ወጣ፤ እሱን ከደብዳቤ አልጽፈውም፣ ሽታው ግን አሁንም ከጋቢዬ አለ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ወደ ሾፌሩ ስልክ ብናስደውል «ምጥ ከጀመራት ስንት ሰዓት ሆናት?» አለ። የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት ብዬ ብነግረው፣ መኪናው ለወላድ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በትሕትና አስረድቶኝ ዘጋው። እንደ ኤልሳቤጥ በስተርጅና ጸንሳ ቢሆን ኖሮ መኪናው ይመጣላት ነበር፤ ይህን አለማድረጓ የኛ ጥፋት ነውና ይቅር በሉን።

ዓርብ ገና ሲነጋጋ አስናቀና ወንድሙ ፍሬው፣ የዕድራችን ሰዎችም ተጨምረው፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ አርብ ገበያ ወጣን። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰውና በእህል ጭነት ተሞልቷል። አህያ የሚነዳው ገበሬ ሁሉ ቃሬዛውን ባየ ጊዜ ከመንገድ ወጣ እያለ፣ ቆቡን እያወለቀ፣ «ነፍስ ይማር» ይለን ጀመር። እኔም፣ በሽምግልናዬ፣ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሮጥሁ «ገና ናት! ኧረ ገና ናት!» እያልሁ ጮህሁ። አንዲት ሴት እንጀራ ልታወጣ የያዘችውን አገልግል ጥላ አለቀሰችልኝ። ከዚያ በሚኒባስ ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫ ደግሞ እዚህ። በየኬላው ስንቆም ትንፋሿን ለመስማት ጆሮዬን ከአፏ አስጠጋ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም።

ሰባተኛው በደል የእርስዎ አይደለም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተሸካሚዎች ሲቀያየሩ ተዋበች በእጇ ጠራችኝ። ጎንበስ አልሁ። ሕመሙ ከፋሲካ ሳይሆን ከሆሣዕና ማግሥት ጀምሮ እንደነበረባት ነገረችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ከኔ ደብቃዋለች። ምነው፣ ምን አደረግሁሽ ብላት፣ እንዲህ አለች፦ «አንቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድናለች ብለው መስክረው፣ እኔ አመመኝ ብዬ ቃልዎን ላጥፍብዎ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። እሷ በሽታዋን ደበቀች፤ ያስደበቅኋት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ስትኖር ሕዝብ ፊት አሳፍራኝ አታውቅም፤ ይኸው ዛሬም ላለማሳፈር ብላ ሆዷን አስቀደደች። እርስዎ አንድ ወረቀት ዘጉ፤ እኔ አፏን ዘጋሁ። ስለዚህ ከላይ የቆጠርሁልዎትን ሁሉ ለሁለታችን እኩል ይካፈሉት፤ ሰባተኛውን ግን ለብቻዬ ይተዉልኝ።

አሁን የምለምንዎት ነገር አንድ ብቻ ነው። ካርዷን ይክፈቱልኝ። ተዋበች ዛሬ ከዚህ በር በሕይወት ባትወጣ፣ በእርስዎ መዝገብ ድና የሞተች ሴት ትሆናለች፤ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከዳኑት ተርታ ተቆጥራ፣ አፈር ውስጥ ትገባለች። ይህን አልችለውም። ከሞተችም እንደታመመች ሆና ትሙት፤ ሕመሟን የራሷ ያድርጉላት። ከዚያ የሚቀጥለዋ ሴት «ከቀኝ ጎድኔ ሥር ያመኛል» ስትልዎ፣ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይንካት፤ «በዓል ሲመጣ ነው ወይ የሚብስሽ?» ብሎም ይጠይቃት። ይህ ጥያቄ ማኅተም አይፈልግም።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ በሩም እንደተዘጋ ነው። የበሩ መስታወት በወረቀት ተሸፍኗል። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ቀና እላለሁ።

የቢሮዎን መስኮት የሚዘጋ አናጢ፣ የሳጥንዎን ቁልፍ የሚያገኝ ዕድለኛ፣ የሕዝብዎን ሆድ የሚዳስስ እጅ እንዲሰጥዎ በጸሎቴ እያሰብሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ እጅ የምነሣ፣

የጤና ጣቢያዎ የዘወትር ደንበኛ፣
የፈውስዎ ሐሰተኛ ምስክር፣
መሪጌታ ቀለመ ወርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጨመርሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ዶክተር የትናየት በሩን ከፍታ ስትወጣ አፏ ተሸፍኖ ስለነበር ፊቷን ማንበብ አቅቶኝ ነበር፤ ጭምብሏን አውርዳ «ወጥቷል፣ አባቴ፣ እሷም አለች» አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። የአንጀቷ ስፌት መያዙ የሚታወቀው ግን አየር ሲወጣላት ነው ተባልሁ። ስለዚህ እኔ፣ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማርሁ ሰው፣ ሦስት ቀን ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያችን አንዲት ድምፅ ስጠብቅ ሰነበትሁ። ትናንት ጠዋት መጣች። ተዋበች አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔ ቆሜ አጨበጨብሁ፣ ክፍሉ ሁሉ እልል አለ። በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው ዐውደ ምሕረት ቆሜ ምስክርነቴን አነሣለሁ፤ ከጎኔ ባዶ ቦታ አለ፣ ቢመጡ ደስ ይለናል።

ፍርሃቴ ግን አላለቀም። ለጊዜው የወጣው ከአንጀቷ የነበረው ጠጠር ነው፤ የቆሰለው ከረጢት አቅም እስክታገኝ ተብሎ በቦታው ተትቷል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ መታየት አለባት። ለዚያም ከጤና ጣቢያችን ማኅተም ያለበት ሪፈር አምጡ ተብለናል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮዎ እመጣለሁ። ጠጠሩን በብልቃጥ አድርገው ሰጥተውኛል፤ የእርግብ እንቁላል ያህላል፣ ከበድ ይላል። እሱን ከወረቀትዎ ክምር ላይ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ነፋስ አይበትነውም። ማኅተሙን ያን ጊዜ ሊያነሡት ይችላሉ።